በሦስት ሲኒ የሚያልቅ ቴአትር፦ የአያትና የልጅ ልጅ አስቂኝ ድራማ በትንሽ አዳራሽ እንዴት ይዘጋጃል

ከ60 እስከ 80 ሰው በሚይዝ አዳራሽ፣ በሁለት ተዋናይ ብቻ የሚሠራ ቴአትር ከትልቅ አዳራሽ ሥራ የሚለየው በርቀቱ ነው። ብሔራዊ ቴአትር የመጨረሻ ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው እጅን ሰፋ አድርጎ መዘርጋት ያስፈልጋል። እዚህ ግን ተመልካቹ ከተዋናዩ ሁለት ሜትር ርቆ ነው የተቀመጠው፤ ጥቅሻ እንኳ አያመልጠውም። ሳቁም ሐዘኑም ከጥቃቅን ነገር ስለሚወጣ ጥቃቅኑን በግምት መሥራት አይቻልም።

ለማሳያ የምንይዘው ታሪክ ይህ ነው። የ72 ዓመቷ እማማ በለጡ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የድሮ ሰፈር የጭቃ ቤት ይኖራሉ። የ28 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ናሆም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊያስገባቸው ይፈልጋል። ሊፍት የለም።

ድርሰቱ

ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምስጢር ስጡ። ናሆም የጭቃ ቤቱን ለማከራየት ሳይነግራቸው ቀብድ ተቀብሏል። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው ከድቷቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ወራት አልፏል፤ እሑድ እሑድ ነጠላ ለብሰው ወጥተው ጎረቤት ቤት ተቀምጠው ይመለሳሉ። ተመልካቹ የናሆምን በመጀመሪያው ትዕይንት፣ የአያቱን በሁለተኛው ይወቅ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ካወጣችሁ ለሦስተኛው ትዕይንት የሚቀር ነገር አይኖርም፤ ተዋናዮቹም ክፍተቱን በቀልድ ሊሞሉት ይሞክራሉ።

የትዕይንቱን አከፋፈል ቡናው ራሱ ይሰጣችኋል። አቦል 25 ደቂቃ፣ ቶና 25 ደቂቃ፣ በረካ 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 65 ደቂቃ። በመካከል ጀበናው ላይ ውኃ ተጨምሮ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ትዕይንቱን ስለሚለውጠው መጋረጃ መዝጋት አያስፈልግም።

ብዙ ድርሰት የሚበላሸው በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ተረት በሚተርቱ አያት ነው። በእውነተኛ ቤት አያት ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ዕድር መዋጮ፣ ልጁ ካልሲውን ስለጣለበት ቦታ ነው የምታወራው። በጠቅላላ ድርሰቱ ሁለት ተረት ይበቃል።

አጠራሩን ከመጀመሪያው ገጽ ወስኑ። አያትን «አንቺ» ማለት በአንዱ ቤት ፍቅር ነው፣ በሌላው ድፍረት። በዚህ ድርሰት ናሆም በአዘቦት «እማማ፣ ነይ» ይላል፤ የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ «እማማ፣ ይምጡ» ይላል። ተመልካቹ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ «ይምጡ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ታስቃለች። ይህ የሚሠራው ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን ፊደል በፊደል ካጠና ነው። በግርድፉ ካጠና «አንቺ»ና «እርስዎ» ይደባለቁና ጨዋታው ይጠፋል።

አንድ ቅንጣት በቅርብ

እማማ፦ ስንት ደረጃ ነው ያልከኝ?
ናሆም፦ ትንሽ ናት፣ እማማ።
እማማ፦ ትንሽ ስንት ናት?
ናሆም፦ ሰባ ሁለት።
(ጀበናውን ያስቀምጣሉ።)
እማማ፦ በዓመት አንድ አንድ እየወጣሁ ነው እኮ እዚህ የደረስኩት።

ቁጥሩን አንድ ፎቅ 18 ደረጃ ብላችሁ አስሉት፤ ዕድሜያቸው ላይ በትክክል ያርፋል። «ሰባ ሁለት» ሲባል እማማ እየቀዱ መሆን የለባቸውም። የሲኒ ካካታና የቡናው ድምፅ ቃሉን ይበላዋል። ጀበናው ማቶቱ ላይ ካረፈ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም ይባል፣ ከዚያ የመጨረሻው ቃል ይከተል። ናሆም አይስቅ፣ ወደ ተመልካቹም አይይ። እሱ ከሳቀ ተመልካቹ እማማ ሆን ብለው እንደቀለዱ ይቆጥረዋል፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው የተናገሩት። ሳቁ ሲመጣ ቀጣዩ ቃል የሚጀመረው ሳቁ ከጫፉ ወርዶ ግማሽ ሲደርስ ነው። ጨርሶ እስኪሞት ከተጠበቀ ግለቱ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ከተጀመረ ቃሉ አይሰማም።

እርጅናን መጫወት

አያት ሆኖ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ወጣት ተዋናይ ነው። የተለመደው ስሕተት ድምፅን ማንቀጥቀጥና ወገብን ማጉበጥ ነው፤ ሁለቱም ከአሥር ደቂቃ በላይ አይዘልቁም፣ ተዋናይቱም ትደክማለች። ከዚያ ይልቅ አነሳሷን አስጠኗት። እጅ ጉልበት ላይ፣ ትንፋሽ፣ ቂጥን ማንሳት፣ ቆሞ አንድ አፍታ መርጋት። አራት ቆጠራ ነው። የጉልበቱ ምስጢር በሁለተኛው ትዕይንት ስለሚወጣ በመጀመሪያው ትዕይንት አንዴ ብቻ፣ ናሆም ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት፣ ይህ አነሳስ ይታይ።

ፊት ላይ በእርሳስ መጨማደድ አትሳሉ። ከሁለት ሜትር መስመሩ መስመር መሆኑ ያስታውቃል። ሻሽ፣ ከሻሹ ሥር ጆሮ ግንድ ላይ የምትታይ ትንሽ ሽበት፣ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ይበቃል።

ዕቃውና አዳራሹ

ቡና የሚፈላው መሬት ላይ ነው፤ ትንንሽ አዳራሾች ደግሞ ወለላቸው ብዙውን ጊዜ ዝርግ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት እንጂ ረከቦቱን አይደለም። መድረኩን 40 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ፤ የእማማ በርጩማ ከተለመደው ረዘም ብሎ 35 ሳንቲሜትር ይሁን። የመጀመሪያውን ረድፍ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ልጆች ይወዱታል።

በዝግ አዳራሽ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ 70 ሰው በተቀመጠበት ክፍል ያሳምማል፣ ሊገድልም ይችላል። በውጭ አገር ባሉ የማኅበረሰብ አዳራሾች ደግሞ ነበልባል የሚከለከልባቸው ብዙ ናቸው። የሸክላ ምድጃ ውስጥ ትንሽ ቀይ አምፖል ደብቁ። ቡናውን አስቀድማችሁ አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙና ከመጀመሩ በፊት ወደ ጀበናው ገልብጡት፤ ለቶናና ለበረካ እማማ የሚጨምሩት ከእንስራው ለብ ያለ ውኃ ነው፤ ተዋናዮቹ እውነት ስለሚጠጡ መፋጀት የለበትም። ሽታውን ለማግኘት አንድ እፍኝ ቡና በሩ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደጅ ቆልታችሁ ማንከሽከሻውን በአዳራሹ አዙሩ። ሰው ሲገባ ሽታው ይቀበለዋል፤ ከየትኛውም የመድረክ ሥዕል በላይ ይሠራል።

ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ይኑር። ሦስተኛው ከሰፈሩ ለተነሡት ጎረቤት ነው፤ ይቀዳል፣ የሚጠጣው የለም። ስለዚህ ሲኒ ማንም አንድ ቃል አይናገር።

መብራት አራት ፋኖስ ይበቃል፦ ሁለት ከፊት በግራና በቀኝ፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ ሞቅ ያለ ቢጫ ከምድጃው በኩል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ቴአትሩ እንዳይቆም መደርደሪያው ላይ በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ አስቀምጡ፤ እማማ «ደግሞ ሄደ?» ብለው ያበሩታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ይህን ሁለት ጊዜ በጨለማ አጥኑት።

ጥናቱ

ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ ብቻ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እውነተኛው ጀበና ውኃ ተሞልቶ ይምጣ። እስከ መጨረሻው በፕላስቲክ ጠርሙስ ያጠና ቡድን ምርቃቱ ቀን ይደነግጣል፤ የሞላ ጀበና ይከብዳል፣ አንዱን ሲኒ መቅዳት አምስትና ስድስት ሰከንድ ይወስዳል፣ ለዚያ ጊዜ የተጻፈ ቃል ግን የለም። በአምስተኛው ሳምንት አሥር የማታውቋቸው ሰዎች ጋብዙና የሳቁበትን ቦታ ድርሰቱ ላይ ምልክት አድርጉ። እናንተ ያላሰባችሁት ቦታ ላይ ከሳቁ ሳቁን አትቁረጡት፣ ቦታ ስጡት።

መጨረሻው የበረካ ምርቃት ነው። እማማ ናሆምን «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ሲመርቁ ተመልካቹ ሳያስበው «አሜን» ሊል ይችላል። ናሆም ቶሎ ከተናገረ ድምፁ አሜኑ ውስጥ ይሰጥማል፤ የመጨረሻ ቃሉ ደግሞ ስለ ቀብዱ የሚናዘዝባት ናት። ሦስት ሰከንድ ይጠብቅ። መብራት የያዘው ሰው እጁን የሚያንቀሳቅሰው ናሆም ከተናዘዘ በኋላ፣ እማማ ሦስተኛውን ሲኒ አንስተው ወደ እሱ ሲገፉለት ነው።