ሳይንሳዊ ልቦለድና ፋንታሲ በራስ ወጪ እንዴት ይታተማል?

"አማርኛ አንባቢ የፍቅርና የታሪክ መጽሐፍ እንጂ ሳይንሳዊ ልቦለድ አይገዛም" ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። አንባቢ የሚሰለቸው ከውጭ ፊልም ተገልብጦ የሰዎቹ ስም ብቻ ሐበሻ የሆነበትን ታሪክ ነው።

ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ዓለማችሁን ከምታውቁት ሰፈር አንሱ። ፒያሳን አስቡ። ስንት ሰው ያደገበት ቤት ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። እዚያ ላይ አንድ የማይሆን ነገር ብቻ ጨምሩ፤ የፈረሰ ቤት በር ሌሊት ሌሊት ይከፈታል እንበል። ቀጥሎ የበሩን ዋጋ ወስኑ። ገብቶ የወጣ ሰው የእናቱን ድምፅ ይረሳል? ሕጉን ወረቀት ላይ ጻፉትና እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አታፍርሱት፣ ምክንያቱም ፋንታሲ የሚበላሸው ጸሐፊው በጨነቀው ቁጥር አዲስ አስማት ሲያመጣ ነው። ጨለም ያለ ድራማ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጨለማው ከሰዎቹ ይምጣ። በካሳ ገንዘብ የተጣሉ ወንድምና እህት ከጭራቅ በላይ ያስፈራሉ።

ረቂቁ ሲያልቅ አትቸኩሉ። ለሦስት ሰው ስጡት፣ አንዱ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ይሁን። "አሪፍ ነው" ካሏችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም። የትኛው ገጽ ላይ አስቀምጠውት ስልካቸውን እንዳነሱ ጠይቋቸው። ንግግሮቹን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የፈጠራችኋቸውን ስሞች በዝርዝር ያዙ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ባሉበት ፊደል አንዷ ከተማ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ተጽፋ ልትወጣ ትችላለች። ከዚያ ያላችሁን ገንዘብ መጀመሪያ አርታኢ ላይ አውጡ። ከሽፋኑም በፊት።

የወረቀት ሥራው አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ሳታስመዘግቡትም የእናንተ ነው፤ በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለማስረጃ ከፈለጋችሁ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ አስመዝግቡ። መጽሐፉ የሚታወቅበት ዓለም አቀፍ መለያ፣ የአይኤስቢኤን ቁጥር፣ ደግሞ ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይወሰዳል።

ጽሑፉን በዩኒኮድ ፊደል (ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሳይዘበራረቅ በሚነበበው) ተይቡ፣ እባካችሁ። እኔ በድሮ ፊደል የተየብኩት አንድ ምዕራፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ጠበቀኝ፣ እንደገና መተየብ ነበረብኝ። ለማተሚያ ቤት የምትሰጡት ፊደሉ (ፎንቱ) አብሮ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይሁን።

ኅትመት ላይ ብዛቱ ሁሉን ይወስናል። በኦፍሴት፣ ማለትም ገጹ ፕሌት በሚባል ስስ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ በሚታተምበት ዘዴ ስታሳትሙ የፕሌቱ ወጪ ለ100 ኮፒም ለ3000 ኮፒም ያው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ካሳተማችሁ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ፕሌት በማይፈልገው በዲጂታል ኅትመት ጥቂት አሳትሞ ገበያውን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። አልጋ ሥር ተከምሮ የሚቀር መጽሐፍ ልብ ይሰብራል። ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚሆን ገጾቹ በ16 እንዲካፈሉ አድርጉ፣ ባዶ ወረቀት አይባክንም። አራት ኪሎም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ውሰዱ፤ የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ዓይነትና የጥራዙ አሠራር በግልጽ ይጻፍበት። አንድ ናሙና ኮፒ በእጃችሁ ይዛችሁ ሳታገላብጡ "እሺ ይታተም" አትበሉ።

ሽያጩን ከኅትመቱ በፊት ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምዕራፎች በቴሌግራም በየሳምንቱ ልቀቁ፣ ታሪኩ በጣም የሚያጓጓበት ቦታ ላይ አቁሙና ቅድሚያ የሚከፍሉትን በቴሌብር መዝግቡ። ሙሉውን ፒዲኤፍ ግን ለወዳጅም ቢሆን አትላኩ፣ በአንድ ሌሊት ከተማውን ያዳርሳል። ለመጻሕፍት መደብርና ለአዟሪዎች ስትሰጡ የኮፒውን ብዛት፣ የሚቆርጡትን ኮሚሽንና ሒሳብ የምትተሳሰቡበትን ቀን ጽፋችሁ አስፈርሙ። ቀኑ ሲደርስም ደውላችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ቁጠሩ።