ጭቃው የት ሄደ? የድሮ ዘመን የመርማሪ ድራማ ስህተቶች፦ ችግርና መፍትሄ

በ1950ዎቹ የሚያልፍ የወንጀል ድራማ አዲስ አበባ ዳር፣ ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ግርጌ ሲቀረጽ ኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም በተለያየ ቀን የተቀረጹ ትዕይንቶች እንዲገጣጠሙ መከታተሉን፣ የምይዘው እኔ ነኝ። ስልክ ከኪስ ማስወጣትን፣ የሲጋራ ርዝመት ማስተያየትን ሁሉም ያውቀዋል። እሱን አልደግምም።

ምልክት፦ መርማሪው ጭቃ ረግጦ መጥቶ ቤት ሲገባ ጫማው ያብረቀርቃል።

እኔን ያሰለቸኝ ይሄ ነው።

መንስኤው ቀላል ነው። ደጁ ሰኞ ይቀረጻል፣ ሳሎኑ ሐሙስ። በታሪኩ ግን በመሃላቸው ያለው አንድ የበር ደፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ሊስትሮ ነው። አልቀለድኩም። አንድ ሐምሌ አቃቂ በኩል ጠዋቱን ሙሉ ጭቃ ስናቦካ ቆየን። መርማሪውን የሚጫወቱት ጋሼ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተለውሰዋል። ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነው። ከምሳ ሲመለሱ ግን ጫማው መስታወት ሆኗል።

«ጋሼ፣ ጫማው!» አልኳቸው።

«አየኸው? ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሁለቴ ነው የቀባው» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

የባሰው ግን የቀለሙ ነገር ነው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ክረምት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትወጣ አፈሩ ወደ ቀይ ይሄዳል። አንዱ ክፍል ላይ ገዳዩ የሚያዘው ግድያው ከተፈጸመበት ቦታ ጫማው ላይ በቀረ አፈር ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግድያውን አቃቂ ቀረጽን፣ ምርመራውን እንጦጦ ሥር በተከራየነው ቤት። አልባሳት ክፍሉ ጫማውን ከቤቱ ጓሮ በተዛቀ አፈር ለቀለቀው። ሬሳው የወደቀው ጥቁር ጭቃ ላይ፣ የገዳዩ ጫማ ቀይ! በመርማሪው ማስረጃ ከሄድን ሰውየው ነጻ ነው። ያየሁት ኤዲቲንግ ላይ ነው። ኤዲተሩ የመሬቱን ሾት ቆርጦ ባይጥለው ጉድ ፈልቶ ነበር።

መፍትሄ፦ ከእያንዳንዱ ሎኬሽን አንድ ማዳበሪያ አፈር ያዝ፣ ላዩ ላይ የቦታውን ስም በማርከር ጻፍ። ጫማው ሁለት ጥንድ ይገዛ፣ አንዱ እንደቆሸሸ ይቀመጥ። «ካት» እንደተባለ ጫማውን ከፊት፣ ከጎንና ከሶሉ ፎቶ አንሳ፤ ክላፑ (የሾቱ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ) አብሮ ይታይ። ሱሪውንም እስከ ጉልበቱ። እርጥብ ጭቃ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ጭቃው ከተረገጠ ስንት ሰዓት እንዳለፈ አስላ። የቡና አተላ አትቀባ፤ ካሜራ ፊት የቡና አተላ ነው የሚመስለው።

ማስጠንቀቂያ፦ ተዋናዩ ለምሳ ሲወጣ ጫማውን ያውልቅ፣ ነጠላ ጫማ ስጠው።
ማስጠንቀቂያ፦ ሊስትሮ አይጠጋ። ደግሜ እላለሁ፣ አይጠጋ።
ማስጠንቀቂያ፦ የራስህንም ጫማ ጥረግ። አንዴ ሳሎኑ ውስጥ የገዳዩ ዱካ ያልነው የእኔ ነበር።

ምልክት፦ ታሪኩ 1954 ነው፣ ቮልሷ ግን ቀኟን ይዛ ትሄዳለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ የተጀመረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ የመኪናዋ ባለቤት ነው፤ መሪውን ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ እጁም ወደለመደበት ይሄድበታል። መፍትሄው መንገዱን ዘግቶ በግራ ማስነዳት ነው። ምስሉን ኤዲቲንግ ላይ እገለብጣለሁ ብለህ አትድከም። ታርጋው ተገልብጦ ይወጣል፣ መርማሪው ሻምበልም ድንገት ግራኝ ይሆናል።

ምልክት፦ «የቀበሌ መታወቂያህን አሳየኝ!»

በ1955? ቀበሌ የመጣው ሐምሌ 1967 ከከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር ነው። አለቃውን «ጓድ» የሚል የጃንሆይ ፖሊስም አጋጥሞኛል። መንስኤው ጸሐፊው ልጅ መሆኑ ነው፣ አይፈረድበትም። ስክሪፕቱን በዘመኑ ለነበሩ ሽማግሌ አንብብላቸው። የሳቁበት ቦታ ላይ አስምር።

ምልክት፦ ሻምበሉ በጾም ቀን ክትፎ ያዛል።

ስክሪፕቱ «ሐምሌ 12 ቀን 1955» ይላል፣ ዕለቱን ግን ማንም አላሰላም። በእጅ ይሰላል። የዓመተ ኩነኔው 5500 ሲደመር 1955፣ 7455። የሱ ሩብ፣ ትርፉን ትተህ፣ 1863። ድምሩ 9318። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ። በየወሩ ሁለት ቀን ጨምር፣ ሐምሌ 1 ሰኞ ይሆናል። 12ኛው ቀን ዓርብ። ሻምበሉ እናታቸውን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱ ሰው ተደርገው ነው የተጻፉት። ሽሮ ይዘዙ። ቀኑን ከፈረንጅ ሰነድ የወሰድከው ከሆነ ደግሞ ከዓመቱ በጅምላ 8 አትቀንስ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው።

ምልክት፦ ብሩ ላይ ጃንሆይ የሉም። በ1969 የተቀየረውን ብር ነው ያመጡልህ። መልሰው።

ምልክት፦ ከጀርባ ሮቶ፣ ዲሽ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ፌስታል። ካሜራውን ዝቅ አድርግ፣ ፌስታሉን ልቀም።

ምልክት፦ ሐምሌ ነው ተብሎ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። መስከረም ላይ ነው የቀረጻችሁት። ወይ ሌላ ሜዳ ፈልጉ፣ ወይ ስክሪፕቱ ላይ ወሩን ቀይሩ። መንቀሉን ሞክረነዋል፣ አያልቅም።

ባሕር ዛፉን ግን ተዉት፣ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ አለ። አንድ ዳይሬክተር «ዘመናዊ ይመስላል» ብሎ ከባሕር ዛፍ ሲሸሽ ግማሽ ቀን አቃጠለብን። በመጨረሻ ያገኘው ንጹሕ ሾት ውስጥ ባጃጅ ነበረበት።