የአሜሪካ ምርጫ «ተለየለት» የሚባለው መቼ ነው? ከደሴ ሆነው ለሚከታተሉ

ከደሴ ሆኖ የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሚከታተል ሰው፣ እንደ ብሔራዊ ምርጫ ቦርዳችን የአገሪቱን ውጤት የሚያውጅ አንድ ተቋም ቢፈልግ አያገኝም። ቆጠራው የየግዛቱ ሥራ ሲሆን፣ በምርጫው ሌሊት «እገሌ አሸነፈ» የሚሉት አሶሺየትድ ፕሬስን የመሳሰሉ የዜና ድርጅቶች ናቸው፤ ቃላቸውም በስሌት የተደገፈ ትንበያ እንጂ ሕጋዊ ውሳኔ አይደለም።

በአገር አቀፉ የድምፅ ድምር አይታለሉ፤ ሂላሪ ክሊንተን በአውሮፓውያኑ 2016 ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል። የሚቆጠረው ከ538 ወኪል መራጮች፣ ማለትም በየግዛቱ ስም ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡ ተወካዮች፣ 270ው ነው፤ ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀርም የግዛቱ አሸናፊ ወኪሎቹን በሙሉ ይወስዳል።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። በአንድ ግዛት መሪው በ20 ሺህ ድምፅ ቢበልጥና ያልተቆጠረው 30 ሺህ ቢሆን፣ ተከታዩ እኩል ለመሆን እንኳ 25 ሺህ፣ ማለትም ከስድስት ድምፅ አምስቱን ማግኘት ስላለበት ነገሩ አልቋል ሊባል ይችላል። ያልተቆጠረው 200 ሺህ ከሆነ ግን 55 በመቶው ይበቃዋል፤ ቀሪው ድምፅ ደጋፊዎቹ ከሚበዙበት ከተማ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ይህ ከባድ አይደለም። ስለዚህ «90 በመቶ ተቆጥሯል» ሲባል የቀረው ከየት እንደሆነ ይጠይቁ። በ2020 ፔንሲልቬንያ ላይ ዶናልድ ትራምፕ ከ600 ሺህ በላይ ድምፅ ሲመሩ ቆይተው፣ የግዛቱ ሕግ ከምርጫው ቀን በፊት እንዳይከፈቱ ያገዳቸው የፖስታ ድምፆች ሲቆጠሩ ጆ ባይደን በ80 ሺህ ገደማ አሸነፉ። ማክሰኞ የተካሄደው ምርጫ ቅዳሜ ተለየለት።

ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልሎ ማንጋት ብዙም አያዋጣም፤ ካሊፎርኒያ የምርጫ ጣቢያዎቿን የምትዘጋው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በ2024 አሶሺየትድ ፕሬስ ትራምፕን አሸናፊ ያለው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ነበር።

ልዩነቱ በጣም ከጠበበ ግን ትንበያውንም አይመኑ። በ2000 ቴሌቪዥኖች ፍሎሪዳን መጀመሪያ ለአል ጎር፣ ኋላም ለጆርጅ ቡሽ ሰጥተው ሁለቱንም ሻሩ፤ 537 ድምፅ የለየው ይህ ምርጫ ያበቃው ከ35 ቀን በኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብይን ነው። ጎር ሽንፈታቸውን በስልክ ተቀብለው እንደገና ደውለው ማንሳታቸውም፣ የተሸናፊ «እንኳን ደስ አለህ» ሕጋዊ ክብደት እንደሌለው ያሳያል።

በሕግ ዓይን ግዛቶች ውጤታቸውን ያጸድቃሉ፣ ወኪል መራጮች በታኅሣሥ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ኮንግረሱም በአውሮፓውያኑ ጥር 6 ቆጥሮ ያውጃል። ፒያሳ ቡና ቤት ውርርድ የሚገቡ ሰዎች ገንዘቡ የሚከፈለው ከእነዚህ በየትኛው እርከን እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ።