እኔ ጋ ይሠራል፣ ተጠቃሚው ጋ አይከፈትም፦ የላይብረሪ ፋይሎች የት ይቀመጡ?

የቪዲዮ ማጫወቻ፣ የድምፅ ማቀናበሪያ ወይም ጨዋታ ሠርቶ ለሌላ ሰው የሰጠ ሁሉ «አይከፈትም» የምትለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ምን እንደሚል ሲጠየቅ ተጠቃሚው «ምንም አላለም፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ» ይላል። በሠሪው ኮምፒውተር ላይ ግን ያው ፕሮግራም ወራቱን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ ከርሟል። በዚህ ጊዜ እጅ ወደ ኮዱ ይሮጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ጥፋቱ ያለው ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚጠራቸው የጋራ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የተዘጋጀ ኮድ ፋይሎች) ዘንድ ነው፦ ወይ አብረው አልተላኩም፣ ወይ ተልከው ስርዓተ ክወናው በማይፈልግበት ቦታ ተቀምጠዋል፣ ወይም በእነሱ ስም የሚጠራ ሌላ ፋይል ቀድሟቸው ተገኝቷል።

መልቲሚዲያ ላይ ነገሩ የሚብሰው ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ነው። ማጫወቻው ኤፍኤፍኤምፔግ ከተባለው የቪዲዮና የድምፅ መሣሪያ ስብስብ የኮዴክ (ቪዲዮና ድምፅ የሚያጭቅና የሚፈታ) ላይብረሪውን ይጠራል፤ እሱ ደግሞ የድምፅ መለወጫውንና ሁሉም የሚጋሩትን መሠረታዊ ላይብረሪ ይጠራል፤ ከእነዚያ ጀርባ ሌሎች ተሰልፈዋል። አንዷ ቀለበት ከጎደለች ሰንሰለቱ አይያዝም።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት፣ ፕሮግራሙን በሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ሞክረው «ደርሷል» አይበሉ። ያ ኮምፒውተር ውሸታም ምስክር ነው። በሥራ ሂደት የተጫኑት ላይብረሪዎች ሁሉ እዚያው ስላሉ፣ ከጥቅሉ የጎደለውን ሁሉ ሳይነግርዎ ከራሱ ይሞላልዎታል። ከስርዓተ ክወናው በቀር ምንም ያልተጫነበት ምናባዊ ማሽን (በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ያዘጋጁ፤ ጥቅሉን እዚያ ይፍቱ፤ እዚያ ያስነሡ። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች በሙሉ ተጠቃሚው ሳያያቸው እዚያ ይታያሉ።

ዊንዶውስ ላይ «ዲኤልኤል ፋይሉ ስላልተገኘ መቀጠል አልተቻለም» ሲል

ይህ ቀላሉ ነው። ዊንዶውስ፣ ጥቂት የራሱ ፋይሎች ካልሆኑ በቀር፣ አንድን ዲኤልኤል (የዊንዶውስ የጋራ ላይብረሪ ፋይል) በመጀመሪያ የሚፈልገው የፕሮግራሙ ዋና ፋይል ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ስርዓቱ ፎልደሮች ይሄዳል፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ በወቅቱ የሚሠራበትን ፎልደር (ከረንት ዳይሬክተሪ)ና ፓዝ በተባለው የስርዓቱ ተለዋዋጭ የተዘረዘሩትን ቦታዎች ያያል። ስለዚህ መፍትሄው ዲኤልኤሎቹን ከዋናው ፋይል ጎን ማስቀመጥ ነው። ሌላ ብልሃት አያሻም።

ሲስተም 32 በተባለው የዊንዶውስ የስርዓት ፎልደር ውስጥ መገልበጥስ? ይህን ምክር የሚሰጥ አይጠፋም፤ አይስሙት። እዚያ ለመጻፍ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእርስዎ ስሪት የሌላውን ፕሮግራም ፋይል ሊተካ ይችላል፤ ነገ ደግሞ ሌላው መጥቶ የእርስዎን ይተካል። ፕሮግራሙ ሲራገፍ ፋይሉን ማጥፋት ይሻላል ወይስ መተው የሚለውንም ማንም በእርግጠኝነት ሊመልሰው አይችልም።

ሌላው የተለመደ ስህተት የሚመጣው ከንጽሕና ፍቅር ነው። ሠሪው ሃያ ዲኤልኤሎች ከዋናው ፋይል ጋር ተደባልቀው ማየት ይሰቀጥጠውና «ሊብ» የሚል ንዑስ ፎልደር ከፍቶ ወደዚያ ያዛውራቸዋል። ዊንዶውስ ግን በራሱ ወደ ንዑስ ፎልደር አይወርድም። ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ዘግይቶ በራሱ ኮድ የሚጭን ከሆነ፣ አስቀድሞ አድ ዲኤልኤል ዳይሬክተሪ በተባለው የዊንዶውስ ፈንክሽን ቦታውን ማስታወቅ ይቻላል። በተለመደው መንገድ ከላይብረሪው ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን የእርስዎ ኮድ አንድ መስመር እንኳ ሳይሠራ ጭነቱ ይከሽፋል። እኔ ትቼዋለሁ። የተዝረከረከ ፎልደር ተጠቃሚውን አያስቸግረውም፤ የሚነካው አቋራጩን ብቻ ነው።

ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ «ሞጁሉ አልተገኘም» ሲል

የስህተት ቁጥር 126 ብዙ ሰው ያሳብዳል። አንድ ጊዜ የድምፅ ማጣሪያ ላይብረሪ አብሬ ልኬ ይህ መልእክት መጣብኝ። ፎልደሩን ከፈትኩ፤ ፋይሉ አለ። ስሙን ፊደል በፊደል አነጻጸርኩ፤ ልክ ነው። ፈቃዱን ፈተሽኩ፤ ምንም የለውም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከበላብኝ በኋላ ዲፔንደንሲስ በተባለው ነፃ መሣሪያ ፋይሉን ስከፍተው ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ የጎደለ ስም አገኘሁ፦ ቪሲራንታይም 140፣ የታች ሰረዝ፣ 1። አልተገኘም የተባለው እኔ የላክሁት ፋይል ሳይሆን እሱ የሚጠራው ሌላ ፋይል ነበር። መልእክቱ የሚናገረው ስለ ጠሪው ነው፤ የጠፋው ግን ተጠሪው ነው።

ያቺ ፋይል በቪዥዋል ስቱዲዮ 2019 የተሠሩ የ64 ቢት የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪዎች የሚፈልጓት ናት፤ በ2015ና በ2017 የማይክሮሶፍት የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅሎች ውስጥ ግን የለችም። ተጠቃሚው «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ አለኝ» ቢል አሮጌው ሊሆን ይችላል። መፍትሄው አዲሱን የማይክሮሶፍት ጥቅል በመጫኛዎ ውስጥ ማካተት ነው።

0 ኤክስ ሲ000007ቢ የሚል ቁጥር ሲወጣ

የ32 ቢት ፕሮግራም የ64 ቢት ላይብረሪ አግኝቷል፣ ወይም ተቃራኒው። እዚህ ላይ የዊንዶውስ ስያሜ ራሱ ያሳስታል፦ በ64 ቢት ዊንዶውስ ሲስተም 32 የተባለው ፎልደር የ64 ቢቶቹ ቤት ሲሆን፣ ሲስዋው64 የተባለው ደግሞ የ32 ቢቶቹ ነው። ስሙን አምኖ ፋይል የገለበጠ ሰው አይፈረድበትም። ዳምፕቢን በተባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን ፋይል የማሽን ዓይነት አይተው ሁሉንም አንድ ያድርጉ።

«የመግቢያ ነጥቡ አልተገኘም» ሲል

ፋይሉ ተገኝቷል፤ ግን አሮጌ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ዋናውን የስሪት ቁጥር በፋይሉ ስም ላይ ስለሚጽፍ ከዚህ ችግር በከፊል ያመልጣል፦ ኤቪኮዴክ የተባለው የኮዴክ ላይብረሪው 58 የኤፍኤፍኤምፔግ 4፣ 59 የ5፣ 60 የ6፣ 61 የ7 ነው። ኤስዲኤል2 የተባለው የጨዋታና የመልቲሚዲያ ላይብረሪ ግን በሁሉም ንዑስ ስሪቶቹ ያንኑ አንድ ስም ይዞ ይመጣል። የእርስዎን ከዋናው ፋይል ጎን ማስቀመጥ ከረሱና ሌላ ፕሮግራም ጥሎት የሄደ አሮጌ ኤስዲኤል2 በፓዝ ላይ ካለ፣ ዊንዶውስ ያንን ይዞ ይነሣና አዲሱን ፈንክሽን ሲያጣ ይቆማል።

ሊኑክስ ላይ «የጋራ ላይብረሪውን መክፈት አልተቻለም» ሲል

ከዊንዶውስ የመጡ ሰዎች የሚደናቀፉት እዚህ ነው። ሊኑክስ ዋናው ፋይል ያለበትን ፎልደር በራሱ አይመለከትም። ፋይሎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የት እንዳሉ በዋናው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። የሚጻፈው ቦታ ራንፓዝ ይባላል፤ እዚያ የሚገባው ቃል ደግሞ ኦሪጂን ነው፤ የዶላር ምልክት ይቀድመዋል፣ በትልልቅ ፊደላትም ይጻፋል። ትርጉሙ «እኔ ያለሁበት ፎልደር» ማለት ነው። ከኋላው የሊብ ንዑስ ፎልደር ከተጨመረበት ጥቅሉ የትም ቢፈታ ላይብረሪዎቹ ይገኛሉ። ይህን በግንባታ ጊዜ ለሊንከሩ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር ለሚያያይዘው መሣሪያ) መስጠት ይቻላል፤ ካለፈም ፓችኤልፍ የተባለው መሣሪያ በተሠራው ፋይል ላይ ይጽፈዋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የዶላር ምልክቱ ነው፦ ትእዛዙን በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ካልከለሉት ተርሚናሉ ቃሉን የራሱ ተለዋዋጭ መስሎት በባዶ ይተካዋል፤ ሜክፋይል (የግንባታ ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ተደርቦ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው የከፋ ነው። ራንፓዝ የሚያገለግለው የተጻፈበትን ፋይል ቀጥተኛ ጥሪዎች ብቻ ነው። ዋናው ፋይል የኮዴኩን ላይብረሪ ያገኛል፤ ኮዴኩ ግን መሠረታዊውን ላይብረሪ ሲፈልግ የዋናው ፋይል ራንፓዝ አይጠቅመውም። ስለዚህ ሊብ ውስጥ ባሉት ላይብረሪዎች በእያንዳንዳቸው ላይም ኦሪጂን ይጻፍ። አንድ ፋይል የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝረውን ኤልዲዲ የተባለውን ትእዛዝ በባዶው ማሽን ላይ ያስኪዱ፤ «አልተገኘም» የሚል አንድም መስመር መቅረት የለበትም።

ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የተባለውን ተለዋዋጭ በማስጀመሪያ ስክሪፕት ማዘጋጀትም ይሠራል፤ ግን ይፈስሳል። ፕሮግራምዎ የእርዳታ ገጽ ለማሳየት ብሮውዘር ሲከፍት፣ ብሮውዘሩ ተለዋዋጩን ወርሶ የእርስዎን ላይብረሪዎች ይጭንና ሊወድቅ ይችላል። ተጠቃሚው የሚወቅሰው ብሮውዘሩን ነው።

ጥቅሉን በዚፕ ሲያሽጉ ደግሞ ሲምቦሊክ ሊንኮች (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክቱ ስሞች) ሊጠፉ ወይም ወደ ሙሉ ቅጂ ሊለወጡ ይችላሉ። ለምሳሌ ከኤቪኮዴክ ፕሮግራሙ የሚፈልገው 60 ላይ የሚያበቃውን አጭር ስም ነው፤ 60.3.100 የሚለውን ረጅም ስም አይደለም። አጭሩን ስም የያዘ አንድ ቅጂ ብቻ ቢልኩ በቂ ነው። ታር ከተጠቀሙ ሊንኮቹ እንዳሉ ይቆያሉ።

ሁሉንም ነገር መላክ ግን ሌላ ችግር ይወልዳል። የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪውን (ጂሊብሲን)ና የኦፕንጂኤል የግራፊክስ ላይብረሪውን አብረው አይላኩ፤ የመጀመሪያው ከስርዓቱ ጫኚ ጋር፣ ሁለተኛው ከተጠቃሚው ግራፊክስ ድራይቨር ጋር የተቆራኙ ናቸው። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ፋይል በመጨመር አይድንም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የተሠራ ፕሮግራም ጂሊብሲ 2.35 ያለበትን ስርዓት አይቶ ስለተሠራ፣ 2.31 ባለው 20.04 ላይ ላይነሣ ይችላል። መፍትሄው መደገፍ በሚፈልጉት አሮጌ ስርዓት ላይ መገንባት ነው።

ማክ ላይ «ላይብረሪው አልተጫነም» ሲል

መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ሆምብሩ የተባለው የማክ ሶፍትዌር መጫኛ የሚጠቀምበት መንገድ ከተጠቀሰ (በኢንቴል ማክ ዩኤስአር ሎካል፣ በአፕል ሲሊከን ኦፕት ሆምብሩ) ፕሮግራምዎ አሁንም የእርስዎን ኮምፒውተር እየፈለገ ነው። ላይብረሪዎቹ የሚቀመጡት በመተግበሪያው ጥቅል ውስጥ፣ ኮንቴንትስ ሥር ባለው ፍሬምወርክስ ነው። ከዚያ ኢንስቶል ኔም ቱል በተባለው መሣሪያ የተጻፈውን መንገድ አርፓዝን (በፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ የላይብረሪ መፈለጊያ ቦታ) ወደሚጠራ መንገድ ይለውጡ፤ ኦቱል ደግሞ ውጤቱን ያሳይዎታል። መንገዱ ሲለወጥ የፋይሉ ዲጂታል ፊርማ ስለሚበላሽ እንደገና ይፈረም፤ ከውስጠኞቹ ላይብረሪዎች ተጀምሮ መተግበሪያው በመጨረሻ። አፕል ሲሊከን ላይ ይህን የዘለለ ሰው ፕሮግራሙ ያለ ማብራሪያ ሲገደል ያያል።

ይከፈታል፣ ግን ድምፅ ወይም ምስል የለም

ከሁሉም አታላዩ ይህ ነው፤ ኤልዲዲም ዲፔንደንሲስም ሁሉ ደህና ነው ይላሉ። ምክንያቱም የጎደለው ፕለጊን ነው፤ ፕለጊን ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ በስሙ ተፈልጎ የሚጫን ስለሆነ በጥሪ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ሊብቪኤልሲን (የቪኤልሲ ማጫወቻን ላይብረሪ) የሚጠቀም ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ፕለጊንስ የተባለውን ሙሉ ፎልደር ከላይብረሪው ጎን ይፈልጋል፤ ካጣው ገና ሲጀመር ባዶ መልስ ይመልሳል። ኪውት የተባለው የመስኮትና የቁልፍ መሥሪያ ላይብረሪ ደግሞ ፕላትፎርምስ የተባለ ፎልደሩን ከዋናው ፋይል ጎን ይሻል።

ምን እየተፈለገ እንደሆነ ለማየት ዊንዶውስ ላይ ፕሮሰስ ሞኒተር፣ ሊኑክስ ላይ ኤስትሬስ የሚከፈቱትንና የሚታጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። የመጨረሻው ያልተገኘ ፋይል ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ነው።

ጂስትሪመር የተባለው በፕለጊኖች የሚሠራ የመልቲሚዲያ ላይብረሪ ግን ተጨማሪ ጠባይ አለው። ፕለጊኖቹን አንዴ ቃኝቶ ዝርዝሩን በተጠቃሚው መሸጎጫ ፎልደር ይጽፋል፤ መጫን ያቃተውን ፕለጊን በጥቁር መዝገብ ያሰፍራል። እርስዎ የጎደለውን ላይብረሪ ጨምረው ቢልኩም የፕለጊኑ ፋይል ራሱ ስላልተለወጠ እንደ ተወገዘ ሊቀር ይችላል። ትክክለኛውን ጥገና አድርገው ለውጥ ካላዩ፣ ያደረጉትን ከማፍረስዎ በፊት የመዝገብ ፋይሉን ያጥፉና እንደገና ያስነሡት፤ ጂስትሪመር በሚቀጥለው ሲነሣ ከባዶ ይቃኛል።