የራኬት አመራረጥ፦ ከአንድ የለገጣፎ አናጢ

አናጢ ነኝ። ለገጣፎ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ወርክሾፕ ቁም ሣጥንና የኩሽና ካቢኔት እሠራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ማሽኑ ሲጠፋ ግቢው ውስጥ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። እንጨቱንም ስለማውቅ፣ ጨዋታውንም ስለምወድ፣ የሰፈሩ ሰው ራኬቱ ሲላቀቅበት የሚያመጣው ወደ እኔ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ይለጥፉልኝ» ብሎ የመጣ ልጅ፣ እየለጠፍኩለት ሁለተኛውን ጥያቄ ያስከትላል፦ «አዲስ ብገዛስ የትኛው ይሻለኛል?»

መልሴ አይለወጥም። ልትገዙ ካሰባችሁት ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ዝግ ያለ እንጨት ግዙ፤ እንጨት የምለው ላስቲኩ የሚለጠፍበትን የራኬቱን ገላ ነው። ይህን የምለው ጀማሪን ለማሳነስ አይደለም፤ የአየሩ ነገር ነው። ኳሷ 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.7 ግራም ክብደት ነው ያላት። እንዲህ የቀለለች ነገር አንዴ ከራኬቱ ከወጣች በኋላ የሚያዝዛት አየሩ ነው፤ ፍጥነቷን የሚይዘውም፣ ቶፕስፒን፣ ማለትም ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት፣ ስትመቱ ወደ ጠረጴዛው ደፍቶ የሚያወርዳትም እሱ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ የምታርፍ ኳስ፣ በዚያው እጅና በዚያው ራኬት እኛ ጋ አልፋ ትሄዳለች። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የፍጥነት ቁጥር ይህን አይነግራችሁም፤ ቁጥሩ ራሱ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ የሚያወጣው ስለሆነ የአንዱን 9 ከሌላው 9 ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ወደ እንጨቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ሙያዬ ስለሆነ ነው።

ጥሩ የራኬት እንጨት አንድ ወጥ ሳንቃ አይደለም። ስስ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት፣ እንደ ኮምፔንሳቶ የአንዱ ጭረት ቁልቁል፣ የቀጣዩ አግድም እየሆነ የተሠራ ነው። የተለመደው ባለ አምስት ንጣፍ ነው፤ መሀሉ ብዙ ጊዜ አዩስ የሚባል ቀላል እንጨት፣ ላዩ ደግሞ ለስለስ ያለው ሊምባ ወይም ጠንከር ያለው ኮቶ ይሆናል። ማሸጊያው ስዊድን ወይም ጃፓን ይበል እንጂ ዛፎቹ የበቀሉት በእኛው አኅጉር፣ ከካሜሩንና ከኮንጎ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ባሉት ጫካዎች ነው። ላዩ ሊምባ ከሆነ ኳሷን ትንሽ ይዞ ይለቃታል፤ ኮቶ ከሆነ ቶሎ ይወረውራታል። ባለ ሰባት ንጣፉ ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ለኃይለኛ መቺ ነው። ከዚያ በላይ ካርቦን የገባበት አለ፤ ቲሞ ቦል ኤኤልሲ የሚባለውን እንጨት የመሰለው ማለት ነው። የውድድር ሕጉ ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ያዛል፤ ካርቦኑ በጣም ስስ ቢሆንም ኳሷ ስትነካው ልዩነቱን እጃችሁ ያውቀዋል። ለገጣፎ ላይ ካርቦን የሚገባው ቶፕስፒኑን አሥር ጊዜ ሲመታ አሥሩንም ጠረጴዛ ላይ ለሚያሳርፍ ሰው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ ገንዘብ ወዳጆቼ በዚህ ይቀየሙኛል።

ስም ጥሩልን ካላችሁ፦ ስቲጋ ኦልራውንድ ክላሲክ፣ ያሳካ ስዊድን ኤክስትራ። ሁለቱም ባለ አምስት ንጣፍ ናቸው፤ ለዓመታት ሳይጠፉ የቆዩትም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንጨቱን ስትይዙ እንዲህ አድርጉ። በጠርዙ በኩል ወደ ብርሃን አዙራችሁ ንጣፎቹን ተመልከቱ፤ በመሀላቸው ክፍተት ወይም የደረቀ ማጣበቂያ ጉብታ ካለ መልሱት። መስተዋት ላይ አስተኙትና በጥፍራችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ እጀታውን ላላ አድርጋችሁ ያዙና ኳስ አንጥሩበት። ድምፁ ቀጠን ካለ ደረቅና ፈጣን ነው፤ ወፈር ካለ ለስላሳ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት እንጨቶች እንኳ ድምፃቸው ይለያያል፤ እንጨት ነውና። ክብደቱን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን አስለኩ፦ ከ80 እስከ 90 ግራም ያለው ይበቃል። ላስቲክ ሲለጠፍበት ጠቅላላው 170 ወይም 180 ግራም ይደርሳል፤ ለልጅ ከዚያ ማነስ አለበት፣ አለዚያ አንጓው ላይ ያመዋል። እጀታው ጫፉ ሰፋ ያለው ወይም ቀጥ ያለው ቢሆን የእጅ ጉዳይ ነው፤ ይዛችሁ ፈትኑት፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ለምን በዋንዛ አይሠሩልኝም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ዋንዛ እወዳለሁ፤ ለበር፣ ለወንበር፣ ለአልጋ ይሁንልኝ። ከአንድ ሳንቃ ቆርጬ ብሠራው ግን በበጋ ይደርቅና ይጣመማል፣ በክረምት ያብጣል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ንጣፍ ልጬ እንዳልደራርብ ደግሞ ያንን የሚልጥ ማሽን የለኝም። ከተራ ኮምፔንሳቶ የተቆረጠውም ይከብዳል፣ ኳሷም ላዩ ላይ ትሞታለች።

አሁን ላስቲኩ። ላስቲክ ስንል ሁለት ነገር ነው፦ ላዩ ላይ ያለው ቆዳና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ። ቆዳው ኳሷን ያሽከረክራል፣ ስፖንጁ ይወረውራል። ሁለቱ ከማጣበቂያው ጋር ተደምረው ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ገበያ ላይ የምታዩት 1.5፣ 1.8፣ 2.0 የሚለው ቁጥር የስፖንጁ ውፍረት ነው፤ ወፍራሙ ይፈጥናል፣ ስሱ ይታዘዛል። ብዙ ሰው «ማክስ» የሚለውን፣ ከሁሉ ወፍራሙን፣ ያነሣል፣ ስሙ ደስ ስለሚል መሰለኝ። በእኛ አየር 1.8 ወይም 2.0 ይበቃል። የስፖንጁ ጥንካሬ በዲግሪ ይጻፋል፤ የቻይናና የጀርመን መለኪያ አንድ ስላልሆነ ቻይናው 40 ከጀርመኑ 40 ይልቅ ጠጣር ነው።

ቻይናዎቹ፣ ለምሳሌ ዲኤችኤስ ሃሪኬን 3፣ ቆዳቸው ያጣብቃል፤ ኳሷን ይዘው የሚያሽከረክሩት በዚያ ነው። እዚህ ችግሩ አቧራው ነው። ለገጣፎ በበጋ፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ ላይ አንድ ሲኖትራክ ካለፈ በኋላ የሚያጣብቅ ላስቲክ ምን እንደሚመስል ላወራው አልፈልግም። በየጨዋታው መሀል የማትጠርጉት ከሆነ አትግዙት። ደግሞም ጠጣሩ ስፖንጅ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲነካው ይብሱን ይደርቃል፤ ጠዋት የምትጫወቱ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ግቢ ውስጥ፣ ደጅ ለሚጫወት ሰው የማያጣብቀው ዓይነት፣ እነ ያሳካ ማርክ ቪና ባተርፍላይ ስራይቨር፣ ይሻላል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ያሉ ናቸው። ቴነርጂ የሚባለው የባተርፍላይ ላስቲክና መሰሎቹ ድንቅ ናቸው፤ ግን ውድ ናቸው፣ አቧራ ሰው አይመርጥም።

ማጣመሩን በሰው ላስረዳ። ግቢያችን የሚመጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ፤ ጨዋታውን የተማረው ከጆተኒ ቤት ጎን በቆመ የመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ምቱ ቀጥ ያለ ጥፊ ነው። ለእሱ ባለ አምስት ንጣፉ እንጨት ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው 1.8 ስፖንጅ በሁለቱም በኩል ለጠፍኩለት። ለስላሳና ወፍራም ስፖንጅ ለእንዲህ ዓይነቱ መቺ አይሆንም፤ በኃይል ሲመታ ስፖንጁ እስከ እንጨቱ ይሟሽሽና ኳሷ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ አለች፣ ኳሷን በማሽከርከር የምትጫወት ናት፣ ጉልበቷን ቆጥባ አንጓዋን ትጠቀማለች። ለእሷ በፎርሃንድ፣ ማለትም በመዳፍ በኩል በሚመታው ፊት፣ 2.0፤ በባክሃንድ፣ ማለትም በእጅ ጀርባ በኩል በሚመታው፣ ከዚያ ለስለስ ያለ 1.8። ባክሃንድ አጭር እንቅስቃሴ ስለሆነ ለስላሳው ስፖንጅ በትንሽ ጉልበት ይነቃል፤ ስሱ ደግሞ ብሎክ ሲደረግ፣ ማለትም ራኬቱን ገትሮ ብቻ ኳሷ ስትመለስ፣ አያስፈነጥራትም። መርሁ ይህ ነው፦ እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ላስቲኩን አለስልሱ፣ እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ላስቲኩ ትንሽ ሊጠጥር ይችላል። ሁለቱንም ፈጣን ያደረገ ሰው የተጋጣሚውን ሰርቪስ (ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት) መመለስ ሲያቅተው ራኬቱን ይሳደባል።

ረጃጅም ጥርስ ያለው ላስቲክ ለተከላካይ ነው፤ ልጅን በእሱ አታስጀምሩ፣ መምታት ሳይለምድ ይቀራል። ውድድር ያሰበ ሰው ቀለሙንም ልብ ይበል፤ አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ከጥቁር የተለየ ደማቅ ቀለም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከድሮው ቀይ ሌላ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ሮዝም ተፈቅደዋል።

የት ይገኛል? ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የስፖርት ዕቃ ሱቆች ማየት ነው፤ ካልሆነ ከዱባይ ወይም ከጓንጁ የሚመላለስ ዘመድ። ተመሳስሎ የተሠራ ሞልቷል። እውነተኛ የውድድር ላስቲክ እጀታው አጠገብ በሚውለው በኩል የአምራቹ ስም፣ የላስቲኩ ስምና የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን (አይቲቲኤፍ) ምልክት ከቁጥሩ ጋር ቆዳው ላይ ተቀርጾ ይወጣል፤ ፊደሉ የደበዘዘ ወይም የተዛባ ከሆነ ተዉት። ገንዘቡ ካልበቃ እንጨቱን አታሳንሱ፤ እንጨት ዓመታት ይቆያል፣ ላስቲክ ያልቃል። ተለጥፎ ከሚሸጠው ራኬት የምሸሸውም ለዚህ ነው፤ ላስቲኩ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ እንጨቱን ይዞ ይነሣል።

ለመለጠፍ የጫማ ሠሪ ማስቲሽ አትጠቀሙ። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ጎዳና ላይ ያሉ ልጆችን ምን እንደሚያደርግ እናያለን። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ተናኝ ኬሚካል ያለባቸውን ማጣበቂያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክሏል። የእኛን የአናጢዎቹን ኮላም አይሞክሩት፤ ያለ ጥፋት አይላቀቅም። በውሃ የተሠራው የራኬት ማጣበቂያ ነው የሚሆነው። ላዩ ሊምባ ከሆነ መጀመሪያ ስስ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ብቻ አልብሱት፣ ላስቲክ ሲነሣ እንዳይሰነጠር። ሲደርቅ ማጣበቂያውን በትንሽ ስፖንጅ በእንጨቱም በላስቲኩም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ነጩ ወተት መሳይ ቀለም ጠፍቶ ጥርት እስኪል ጠብቁ፤ ነጭ ሳለ ከገጠማችሁት አረፋ ይይዛል። ከእጀታው ጀምራችሁ ሳትስቡ አስተኙት፣ ለስላሳ ጠርሙስ አንከባሉበት፣ ከመጽሐፍ ሥር አሳድሩት። የተረፈውን በስለታም መቀስ ወይም በከተር ተከትላችሁ ቁረጡ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሚያርፉበትን የእንጨት ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ብታለሰልሱት እጅ አይልጥም።

ከጨዋታ በኋላ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሲደርቅ ላዩን በስስ ላስቲክ ወረቀት ሸፍኑ። ሳሙና አያስፈልግም። ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስኮት ሥር አታስቀምጡ። በክረምት ቆዳው ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ኳሷ ከተንሸራተተች ላስቲኩ አልቋል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ አድርቁና እንደገና ሞክሩ። ደርቆም ተጠርጎም ኳሷን ገፋ ስታደርጉ ካልያዛትና መሀሉ ከዳር ዳሩ ይልቅ ከነጣ ወይም ካብረቀረቀ ግን ጊዜው ደርሷል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የፎርሃንዱ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መቀየር ግድ አይደለም፣ ያንኑ አንዱን ብቻ ግዙ። ሲነሣም ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ከጎን ወደ ጎን ሳቡት፤ ቁልቁል ከእጀታው የሳበ ሰው የሊምባውን ጭረት ይዞ ይነሣበትና ወደ እኔ ይመጣል።