የቢራ ማብላያ ፍሪጅ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬዳዋና ለሐረር ጠማቂዎች

ይህ መመሪያ አሮጌ ፍሪጅን ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር አገናኝተው የቢራ ማብላያ ሳጥን ለሠሩ፣ ነገር ግን ሥራው እንዳሰቡት ላልሄደላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጠላ በቤቱ ሙቀት ሲደርስ የኖረ መጠጥ ነው። በብቅል፣ በሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ በሚሰጠው አበባ) እና በደረቅ እርሾ የሚጠመቀው ቢራ ግን የሙቀት ለውጥን እንደዚያ አይችልም፤ ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾ በአብዛኛው ከ18 እስከ 22፣ ላገር የሚባለው ዓይነት እርሾ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ሲሠራ ነው ንጹሕ ጣዕም የሚሰጠው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ባይሞላም አንድ ዓይነት ሳጥን በሁለቱ ከተሞች የሚያመጣው ችግር የተለያየ ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት ኤስቲሲ 1000 የሚባለውን፣ ለማቀዝቀዣና ለማሞቂያ ሁለት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለውን መቆጣጠሪያ ነው፤ ኢንክበርድ አይቲሲ 308 ሶኬቶቹ ተገጥመውለት ከመምጣቱ በቀር አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

መቆጣጠሪያው 19 ዲግሪ ያሳያል፤ ቢራው ግን እንደ ቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፣ ጉሮሮም ያቃጥላል

ብዙ ጠማቂ በዚህ ጊዜ የሚወቅሰው እርሾውን ነው። በእኔ ግምት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእርሾው ሳይሆን የሴንሰሩ አቀማመጥ ነው። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሙቀት ያመነጫል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የባልዲው ውስጥ ሙቀት ከዙሪያው አየር ከ3 እስከ 5 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ሴንሰሩ በፍሪጁ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው አየሩን 19 ላይ ይዞ ሥራዬን ጨረስኩ ሲል ቢራው 23 ወይም 24 ላይ ይፈላል፤ ያ የሚያቃጥል ጣዕም የሚመጣው በእንዲህ ያለው ሙቀት እርሾው ከሚያመርታቸው ከባድ አልኮሎች ነው።

መፍትሄው የአየሩን ሳይሆን የቢራውን ሙቀት መለካት ነው። ሴንሰሩን በባልዲው ጎን ላይ፣ ፈሳሹ ከሚደርስበት መስመር ዝቅ ብሎ በቁመቱ መካከል አካባቢ ያስቀምጡት፤ ብረቱ ጫፍ በሙሉ ጎኑ ፕላስቲኩን መንካት አለበት። ከላዩ ሁለት ጣት የሚሆን ውፍረት ያለው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይደርቡበትና በሰፊ ፕላስተር ባልዲውን ዙሪያውን ጠምጥመው ያጥብቁት። ስፖንጁ ከሌለ ሴንሰሩ ግማሹን ባልዲውን፣ ግማሹን አየሩን ስለሚያነብ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ፕላስተሩ በርጥበት እንዳይላቀቅ ባልዲው አስቀድሞ ደርቆ መጠረግ ይኖርበታል።

አቀማመጡ ተስተካክሎም ጥርጣሬ ካለ ሴንሰሩ ራሱ መፈተሽ አለበት። የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተው ጥቂት ውሃ ይጨምሩበት፤ ሴንሰሩን አስገብተው እያማሰሉ ንባቡ እስኪረጋ ይጠብቁ። ዜሮ ካላሳየ ልዩነቱን በመቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ 4 በሚባለው ማስተካከያ ያርሙት። በፈላ ውሃ ለመፈተሽ መሞከር ግን በእኛ አካባቢ ያሳስታል፤ በከፍታው ምክንያት ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 100ን የሚጠብቅ ሰው ጤነኛ ሴንሰር ያበላሻል።

ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ይጠፋል፤ ወይም እያጉረመረመ ሳይነሣ ይቀራል

ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ከሆነ መንስኤው አሁንም በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፤ አየር በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፣ በደቂቃዎችም ይሞቃል። ሴንሰሩን ከባልዲው ጋር ካሰሩ በኋላ ኤፍ 2 የሚባለውን የልዩነት ቅንብር ከ0.5 ወደ 1 ዲግሪ፣ ኤፍ 3 የሚባለውን የሞተር ማቆያ ጊዜ ደግሞ ከ3 ወደ 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያድርጉት። እያጉረመረመ ጠቅ ብሎ የሚጠፋ ሞተር ግን በአብዛኛው የሚነግረን ኃይሉ መውረዱን ነው። ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክም የሚብስ ከሆነ ለፍሪጅ የተሠራ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ፍሪጁን፣ ማሞቂያውንና ሌላውን ሁሉ በአንድ ቀጭን ዲቫይደር ላይ መደራረብም ያንኑ ችግር ያመጣል።

የመቆጣጠሪያው የማቀዝቀዣ መብራት በርቷል፤ ፍሪጁ ግን ዝም ብሏል

ይህ ገና በተገጠመ መቆጣጠሪያ ላይ በብዛት የሚታይ ነው። የኤስቲሲ 1000 ሪሌዎች እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው እንጂ ራሳቸው ኃይል አይሰጡም። 1 እና 2 ቁጥር ለመቆጣጠሪያው ኃይል፣ 3 እና 4 ለሴንሰሩ፣ 5 እና 6 ለማሞቂያ፣ 7 እና 8 ለማቀዝቀዣ ናቸው፤ ስለዚህ ፌዙ ወደ 5 እና ወደ 7 በአጭር ሽቦ ካልተወሰደ መብራቱ ይበራል፣ ወደ ፍሪጁ የሚሄድ ነገር ግን የለም። ሽቦውን ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ። መሬት የሚባለው መስመር ሳይዘለል ከሶኬቱም ከፍሪጁ አካልም ጋር መገናኘት አለበት፤ በርጥብ ሳጥን አጠገብ ይህን መተው በሕይወት መቀለድ ነው።

የዚህ ተቃራኒ፣ ማለትም መብራቱ ጠፍቶ ፍሪጁ ማቀዝቀዙን የሚቀጥል ከሆነ፣ በሞተሩ መነሻ ኃይል ምክንያት የሪሌው ምላሶች ተጣብቀዋል፤ መቆጣጠሪያው መቀየር ይኖርበታል። መብራቱም ሳይጠፋ ቢራው ወደ በረዶ ከተጠጋ ግን ሴንሰሩ ከባልዲው ተላቅቆ ከፍሪጁ ውጭ ወድቆ እንደሆነ ይመልከቱ።

ሞተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን አይወርድም

ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይህ አቤቱታ ይበዛል። በመጀመሪያ ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ ይመልከቱ፤ አቧራ ከሸፈነው ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም። በብሩሽ ይጥረጉት፣ ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት። ፍሪጁን ከምዕራብ ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ከሞተሩ ተአምር መጠበቅ አይገባም።

ቀጥሎ የበሩ ጎሚኒ ይፈተሻል። አንድ የብር ኖት በበሩና በጎሚኒው መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይንገራገጭ ከወጣ አየር ይገባል ማለት ነው። የደረቀ ጎሚኒ በሙቅ ውሃ ሲታሽ አንዳንዴ ቅርጹን ይመልሳል፤ የተቀደደ ግን ይቀየራል።

ፍሪጁ ገና የሚገዛ ከሆነ የውስጥ ልጣፉን ያንብቡ። ኤን የሚል ምልክት ያለው ፍሪጅ የተሠራው ከ16 እስከ 32፣ ኤስቲ የሚለው እስከ 38፣ ቲ የሚለው እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ የክፍል ሙቀት ነው። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ወይም ከሰው እጅ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ከመከራከር በፊት ይህችን ፊደል መፈለግ ይበጃል።

ችግሩ የሴንሰሩን ሽቦ ለማሳለፍ ግድግዳው ከተበሳ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ጋዙ ወጥቷል። በተኝቶ ፍሪዘር ላይ የጋዙ ቱቦዎች በጎን ግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፉ መብሳት አይገባም፤ ሽቦውን በክዳኑ ጎሚኒ ሥር ማሳለፍ ይበቃል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች የሚሞሉበት አር 600ኤ ጋዝ ተቀጣጣይ መሆኑንም አይርሱ፤ እሳትና ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ መስኮት ከፍተው ባለሙያ ይጥሩ። በተጨማሪም ኖ ፍሮስት የሆነ (በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ) ፍሪጅ በረዶ ማቅለጫው ላይ ሊቆም ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ኃይሉን እየቆረጠ የውስጥ ሰዓቱን ስለሚያቆመው፣ ቀጣዩ ኃይል ሲመጣ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቃል። ለዚህ ሥራ የቆየው ተራ ፍሪጅ ይሻላል።

መፍላቱ ቆሟል፤ ስኳሩ ግን አላለቀም

ይህ የሐረር ችግር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ በተለይ በጀጎል ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቤቶች ውስጥ፣ የኤል እርሾ ደክሞ ከሥር ይዘቅጣል። ሳጥኑን ቀስ በቀስ ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ያሙቁትና ባልዲውን ሳይከፍቱ በእርጋታ በማወዛወዝ እርሾውን ያስነሡት። ለማሞቂያ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል ይበቃል፤ ኤልኢዲ አያሞቅም። ብርሃን ከሆፕ ጋር ሲገናኝ ቢራውን ስለሚያሸትተው አምፖሉን በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ የላይኛውን አፍ ወደ ግድግዳው አዙረው ይግጠሙት፤ ቆርቆሮው ባልዲውንም ሆነ ፕላስቲክ ነገር እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው እየተፈራረቁ ከሠሩ አምፖሉ ትልቅ ነው፣ ወይም ኤፍ 2 ጠባብ ነው።

የኤርሎኩ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው የባልዲው ክዳን ቱቦ) ውሃ ወደ ባልዲው ተስቧል፤ ሳጥኑም ሻግቷል

ቢራው ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው ጋዝ ስለሚኮማተር ውሃውን ይስባል፤ ቅዝቃዜውን በቀን ሁለት ሦስት ዲግሪ እያደረጉ ቢያወርዱት ይቀንሳል። ሻጋታውን በቀጠነ በረኪና ጠርገው ያድርቁት። ከ20 ሊትር ቢራ ወደ 400 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ክፍሉ መስኮት ይኑረው፣ ተኝቶ ፍሪዘር ሲከፍቱም አንገትዎን ወዲያው አያስገቡ።

መብራት ሲጠፋ

በሩን አይክፈቱ፤ 20 ሊትር ፈሳሽ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሆነ ጠርሙስ ከባልዲው አጠገብ ያስቀምጡ፤ ፍሪጁ ከናካቴው ከተበላሸ ደግሞ ባልዲውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አኑረው እርጥብ ፎጣ ይጠቅልሉበት፤ የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ሲተን ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ጠማቂ ግን ቮስ የሚባለውን የኖርዌይ ክቬይክ እርሾ ቢሞክር መልካም ነው፤ እስከ 40 ዲግሪ ስለሚሠራ በድሬዳዋ ሙቀት ማቀዝቀዣውን ብዙም አያስፈልገውም፣ በሐረር የኅዳርና የጥር ብርድ ግን ያው አምፖሉ ያስፈልገዋል።