ጀርም ገዳይ ጨርቅ ስትሠሩ በገዛ ሙከራችሁ እንዳትሸወዱ

ላብራቶሪው «99.9 በመቶ ባክቴሪያ ገድሏል» አላችሁ? ቆይ፣ ገና ነው።

መጀመሪያ የቀለበቱ ነገር። የኒም ወይም የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ያስነከሩትን ጥጥ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ አስቀምጠው ዙሪያው ባክቴሪያ ሳይበቅል ሲቀር ብዙዎች ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ቀለበቱ ግን የሚነግራችሁ መድኃኒቱ ከጨርቁ እየወጣ መሆኑን ነው። የሚወጣ ነገር ደግሞ ሲታጠብም ይወጣል። ከክሩ ጋር አጥብቆ የተያያዘ መድኃኒት ምንም ቀለበት ሳያሳይ የነካውን ባክቴሪያ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በሕይወት የተረፈውን ባክቴሪያ በሚቆጥሩት መደበኛ የጨርቅ ሙከራዎች፣ በአይኤስኦ 20743 ወይም በኤኤቲሲሲ 100፣ ቆጥራችሁ ሥሩ።

ስትቆጥሩም ማርከሻውን፣ ማለትም የመድኃኒቱን ኃይል የሚያቆመውን ኬሚካል፣ አትርሱ። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይሄን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ውጤቱን የሚያበላሸው አሳምሮ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ባክቴሪያውን ከጨርቁ አራግፋችሁ ስታወጡ ጨርቁ የተነከረበት የብር ማዕድን ወይም ሌላው መድኃኒት አብሮ ይወጣና ሳህኑ ላይ መግደሉን ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ጨርቁ ላይ የሞተ አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ማርከሻው ራሱ ባክቴሪያ እንደማይገድልም ለብቻው ሞክሩት።

ማነጻጸሪያው ያው ጨርቅ፣ መድኃኒት ብቻ ያልነካው ይሁን። እሱም ላይ ባክቴሪያው ካልበቀለ ሙከራው ውድቅ ነው። ከፋብሪካ የተረፈ ኬሚካል እንዲህ ያደርጋል።

እጥበት ላይ ደግሞ ራሳችንን እናታልላለን። በለስላሳ ሳሙና አምስቴ አጥቦ «ታጥቦም ይሠራል» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? የሆስፒታል ልብስ በረኪና አለበት፣ ሙቅ ውኃ አለበት። የበረኪናው ክሎሪን ብርን ወደ ብር ክሎራይድ ይለውጠዋል። ልብሱ በሚታጠብበት መንገድ፣ ይታጠባል ባላችሁት ቁጥር ልክ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩ።

የፖሊፕሮፒሊን (ውኃ የማይመጥ ፕላስቲክ) ጋውን ከሆነ ጠብታው ላዩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል። ካልረጠበ ባክቴሪያውና መድኃኒቱ በደንብ አልተገናኙም ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ መግደልና መከላከል አንድ አይደሉም። ሙከራው 24 ሰዓት ይሰጣል፤ የተፈናጠቀ ደም ግን በሰከንዶች ውስጥ ሰርጎ ቆዳ ሊነካ ይችላል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ጀርም ገዳይ መድኃኒት የጨርቁን ውኃ የመመለስ አቅም ይቀንሳል። በቫይረስ የሚደረገውን የኤኤስቲኤም ኤፍ1671 የስርገት ሙከራ መድኃኒቱን ከቀባችሁ በኋላ አሠሩ፣ በፊት የተሠራው አይቆጠርም።